ከአካላችን የተቆረጠው የት ገባ?



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በቡና ላይ የማይወራ፣ በመስጊድ ደጃፍም እምብዛም የማይጠየቅ ነው። ነገር ግን የማይመለከተው ቤተሰብ የለም። ጥያቄው አጭር ነው፦ ሐኪም ከአካላችን ቆርጦ ያወጣው ነገር የት ገባ?

ከጃናሞራ ገደል በቃሬዛ ወርዶ ደባርቅ የደረሰ፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር የገባ በሽተኛ ከወር በኋላ በክራንች ይመለሳል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ነፍስህ ተረፈች» ይባላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ግን «እግርህስ የት ተቀበረ?» ብሎ የሚጠይቅ ይገኛል? አይገኝም። ያ እግር እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዉዱእ የተደረገበት፣ ለፈጅር ሶላት በውርጭ የተራመደ፣ ከብት የተከተለ፣ ልጆች ያሳደገ እግር ነው። ዛሬ የት እንዳለ ባለቤቱ አያውቅም፤ አስታማሚውም አልጠየቀ፣ ሐኪሙም አልነገረ።

እኛ ደግሞ ስለ አገር ፍቅር ስናወራ ምን እንላለን? «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን! አባባሉ እንዲያው የአፍ ማሣመሪያ አይደለም። እናቶቻችን እትብቱንና የእንግዴ ልጁን በክብር ይቀብሩ ነበር፤ ዛሬም በየገጠሩ ይቀብራሉ። ጤና ጣቢያዎቻችን እንኳ ለእንግዴ ልጅ ብቻ የሚሆን ጉድጓድ እንዲኖራቸው የተደረገው አለምክንያት አይደለም። እንግዲህ ዘጠኝ ወር አገልግሎ የወጣውን ሥጋ ቀብሮ አገሩን በርሱ የሚጠራ ሕዝብ፣ ዕድሜ ልክ ያገለገለውን እግር በፌስታል ተጠቅልሎ ወዴት እንደተጣለ ሳይጠይቅ እንዴት ያልፋል? ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንን ዝምታ ነው። ዝምታውን ትቶ በተቃራኒው ጫፍ የተሰለፈውን፣ የተቆረጠውን በብልቃጥ አስቀምጦ ለእንግዳ የሚያሳየውንም ሰው እናልፈውም።

ማየት ነውር ነውን?

በስሜን ደጋ እንቅርት ለማንም እንግዳ አይደለም። የደጋው አፈር ዝናብና ጎርፍ ሲያጥበው ኖሮ አዮዲን የጎደለው በመሆኑ፣ ሃያ ዓመት እንቅርት ተሸክማ የኖረች እናት በየመንደሩ ትገኛለች። ይህች እናት ኦፕራሲዮን ሆና፣ ማደንዘዣው ለቋት ስትነቃ፣ «እስቲ ያንን ነገር አሳዩኝ» ብትል ምን ትባላለች? «ኧረ ተይ! ምን ይሠራልሻል? ይህን ማየት ሌላ በሽታ ይጠራል» ትባላለች። በባሏ ዘንድ ነውር፣ በእህቷ ዘንድ ሟርት፣ በነርሷ ዘንድ ደግሞ ሥራ ማብዛት ይሆንባታል።

ለመሆኑ «ማየት በሽታ ይጠራል» የሚለው ከየት መጣ? ከቁርኣን ነው? አይደለም። ከሐዲስ ነው? አይደለም። ከሕክምና ትምህርት ነው? እሱም አይደለም። ከፍርሃት የተወለደ ወሬ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዛሪያት ውስጥ በራሳችን አካል ያሉትን ምልክቶች የማናይ መሆናችንን በጥያቄ ይወቅሰናል። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጌታቸው ሙታንን እንዴት እንደሚያስነሣ ያሳያቸው ዘንድ የለመኑበት ታሪክ በሱረቱል በቀራህ ተጽፏል። አላመኑም ነበር? አምነዋል፤ የፈለጉት ልባቸው እንዲረጋ ነበር። አላህም በልመናቸው አልተቆጣም፤ በአራት ወፎች አሳያቸው። እንግዲህ የአላህ ወዳጅ ልባቸው እንዲረጋ «አሳየኝ» ካሉ፣ ሃያ ዓመት በአንገቷ የተሸከመችውን ለማየት የጠየቀች እናት ምን በደለች?

የማየት ጥቅም ከልብ መርጋትም ያልፋል። በየከተማው የሚናፈሰውን ወሬ ታውቃላችሁ፤ «ትርፍ አንጀት ነው ብለው ገብተው ኩላሊቱን ወሰዱት» ይባላል። ይህን ወሬ የሚያበርደው የሐኪም መሐላ አይደለም፤ ማሳየት ነው። አስታማሚውን ወደ በር ጠርቶ የወጣውን በሣህን ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ያወጣነው ይህ ነው፤ ያበጠው በዚህ በኩል ነበር» የሚል ቀዶ ሐኪም፣ በአንድ ደቂቃ ሥራ የአንድን መንደር ጥርጣሬ ያጠፋል። እንዲህ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፤ አላህ ይመንዳቸው። የማያደርጉት ደግሞ ከነሱ ይማሩ።

ሁለት ነገር ግን መጠበቅ አለበት። ማየት የማይፈልግ በሽተኛ አይገደድ፤ መብት እንጂ ግዴታ አይደለምና። ዐውራ የሆነ አካል ከሆነ ደግሞ በኮሪደር ላይ በአስታማሚ ሁሉ ፊት አይገለጥ፤ ከባለቤቱ ተለየ ብሎ ክብሩ አልተለየውም።

ዑርዋና እግራቸው

ከታቢዒዮች ታላላቅ ዓሊሞች አንዱ ዑርዋ ኢብን ዙበይር ናቸው። አባታቸው ዙበይር፣ እናታቸው አስማእ ቢንት አቢበክር፣ አክስታቸው ደግሞ የምእመናን እናት ዓኢሻ ናቸው (ረ.ዐ.)። ከሰባቱ የመዲና ፉቀሃዎች ይቆጠራሉ። ወደ ኸሊፋ ወሊድ ዘንድ ለመሄድ ከመዲና ወደ ሻም በተጓዙበት ጊዜ እግራቸውን የሚበላ በሽታ ያዛቸው፤ ዛሬ ሐኪሞች ጋንግሪን የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። ሐኪሞች ሕመሙን እንዳይሰሙ የሚያሰክር ነገር እንዲጠጡ ሰጧቸው፤ እምቢ አሉ። በአላህ ዚክር ላይ ሳሉ እግራቸው በመጋዝ ተቆረጠ። በዚያው ጉዞ ልጃቸው ሙሐመድን እንስሳ ረግጦ ገደለባቸው። እርሳቸው ግን አላህ ከሰጣቸው ጥቂቱን ወስዶ ብዙውን እንደተወላቸው እየቆጠሩ አመሰገኑ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያውቀው በትዕግሥታቸው ነው። እኛ ዛሬ የምንፈልገው ግን ተራኪዎች በአጭሩ የሚያልፉትን ክፍል ነው። እግሩ ከተቆረጠ በኋላ በሰዎች እጅ ሆኖ ሲያዩት፣ ወደርሳቸው አስመጡት። በእጃቸው ገላበጡት። ከዚያም በርሱ ላይ እንዲራመዱ ባደረጋቸው ጌታ ምለው፣ ወደ ሐራም እንዳልተራመዱበት አላህ እንደሚያውቅ ተናገሩ። አንዳንድ ዘገባዎች እንደሚሉትም እንዲታጠብ፣ ሽቶ እንዲቀባ፣ በጨርቅ እንዲጠቀለልና ወደ ሙስሊሞች መቃብር እንዲወሰድ አዘዙ።

ልብ በሉ! «አታሳዩኝ» አላሉም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም። ይዘው አልተቀመጡም፤ ለልጆቻቸው መታሰቢያ ይሁን ብለውም በሣጥን አላኖሩትም። አዩት፣ ገላበጡት፣ ራሳቸውን በርሱ መረመሩ፣ ወደ አፈር ላኩት። ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ከማን እንጠብቃለን?

ኡለማዎች ምን አሉ?

ሰው በሕይወት እያለ ከአካሉ የተለየ እጅ ወይም እግር የጀናዛ ሶላት አይሰገድበትም፤ ባለቤቱ አልሞተምና። በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ኢማሙ ነወዊ አል-መጅሙዕ በተባለው ሰፊ የፊቅህ መጽሐፋቸው፣ መቀበር ለሙታን ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነና ከሕያው ሰው የሚለይ አካል፣ ጸጉርና ጥፍር ጭምር መቀበሩ የተወደደ እንደሆነ ያስረዳሉ። ጸጉርና ጥፍር እንኳ እንዲህ ከተባለላቸው እግርና ጡት፣ ማሕፀንና አንጀት እንዴት ከዚያ ያንሳሉ?

መሠረቱ የሰው ልጅ ክብር ነው። የሙት አጥንት መስበር የሕያው አጥንት እንደመስበር መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በዐቂቃ ጊዜ የሕፃኑ ጸጉር ተላጭቶ ክብደቱን የሚያህል ብር ለድሆች እንዲሰጥ መወደዱ፣ ከሰው የወደቀ ጸጉር እንኳ በሚዛን የሚከበር መሆኑን ያሳያል። በሱረቱል ማኢዳህ የተተረከው የአደም ልጅ ወንድሙን ገድሎ የሚያደርገው ሲጠፋው፣ አላህ ቁራ ልኮ መሬት መቆፈርን አሳየው። የመጀመሪያው የመቅበር ትምህርት ከወፍ ተወሰደ። እኛ ከቁራው አንሰን ሥጋችንን ለውሻና ለአሞራ በሚከፈት ጉድጓድ የምንተው መሆን የለብንም።

ስለ ማስቀመጥ

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንምጣ። የሐሞት ጠጠሩን በብልቃጥ አድርጎ በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ያኖረ አለ። ጠጠሩ እንኳ ደረቅ ነገር ነው፤ ሕመሙን አስታውሶ አላህን ለማመስገን ያስቀመጠው ከሆነ ብዙ አንከራከረውም። ነገር ግን የተቆረጠ ጣቱን በአልኮል ዘፍዝፎ ለጓደኛ የሚያሳይ፣ ወይም የእናቱን ዕጢ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሺህ ሰው የሚበትን ጎልማሳ ምን ሊያተርፍ ነው? የእናቱ አካል የሰው መሣቂያና መደንገጫ ሆነ። እርሷ ፈቀደችለት? አልፈቀደችም፤ ማደንዘዣ ላይ ነበረች።

ሦስተኛ ዓይነት አስቀማጭም አለ፤ «ጠንቋይ እንዳያገኘው» ብሎ በጣሪያ ሥር የሚሸሽግ፣ ወይም ይባስ ብሎ ለመድኃኒት ይሆናል ብሎ ለጠንቋዩ የሚወስድ። ሲህር የሚፈራ ሰው መሸሸጊያው ዚክርና ቀብር እንጂ ጣሪያ አይደለም።

«ማስቀመጥ ሥልጣኔ ነው፤ ፈረንጅ ያስቀምጣል» የሚል ቢኖር ታሪኩን እናሳየው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1863 በጌቲስበርግ፣ ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስ እግሩ በመድፍ ተመትቶ ተቆረጠ። አጥንቱን ለጦር ሠራዊቱ የሕክምና ሙዚየም ላከው፤ በየዓመቱም እየሄደ ይጎበኘው ነበር። አጥንቱ ዛሬም በሙዚየም ነው፤ ባለቤቱ ተቀብሯል፣ እግሩ ግን የጎብኚ ማያ ሆኖ ቀርቷል። የሜክሲኮው ሳንታ አና ደግሞ በጦርነት የተቆረጠ እግሩን እ.ኤ.አ. በ1842 በዋና ከተማዋ በወታደራዊ ሰልፍ አስቀበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዝብ ሲነሣበት ያንኑ እግር ከመቃብር አውጥተው በጎዳና ጎተቱት። አንዱ ለዕይታ፣ ሌላው ለዝና አደረገው። ዑርዋ (ረሒመሁላህ) ለአፈር ሰጡት። ከሦስቱ ማን ዐረፈ?

ከሩቅም አንሂድ፤ የራሳችን አገር ታሪክ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ጃናሞራ ውስጥ፣ ደረስጌ ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ ከራሳቸው ጸጉር ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ለአሥርት ዓመታት በለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከኖረ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ሙዚየሙ ለመመለስ የሰጠው ምክንያት ምን ነበር? ጸጉሩ ከአስከሬናቸው ጋር በመቃብራቸው ይረፍ የሚል ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶ ሙዚየም የደረሰበት መደምደሚያ፣ የእኛ የገጠር እናት እትብት ስትቀብር የምታውቀው ነው!

«ቴዎድሮስ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ያደረሰው ይረሳ ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይረሳም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነሥተው ቆመዋል፤ «አይሁዳዊ እኮ ነው» ሲባሉም ነፍስ መሆኑን አስታውሰዋል። የሰው አካል ክብር የምንወደውን ብቻ መርጦ የሚሰጥ አይደለም።

ሌላም ክርክር ይነሣል። «ሰሀቦች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጸጉር አስቀምጠው አልነበረምን?» ይላሉ። እውነት ነው። በስንብቱ ሐጅ ሚና ላይ ሲላጩ ጸጉራቸው በአቡ ጠልሐ እጅ ለሰዎች ታድሏል። ያ ግን የአላህ መልእክተኛ ጸጉር ነው፤ የታደለውም በርሳቸው ፈቃድ ነው። የኔና የአንተ ትርፍ አንጀት ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጠው በምን ሒሳብ ነው?

«ለጤና አደገኛ ነው»

የሆስፒታል ሰዎች መልስ የታወቀ ነው፦ «የተቆረጠ አካል አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ ወደ ማቃጠያ ወይም ወደ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ለቤተሰብ አይሰጥም።» ሥጋታቸውን አንንቅም። ደም በሽታ ያስተላልፋል፤ በእጅ ተይዞ በአውቶቡስ የሚጓዝ እግር ለማንም አይበጅም። ነገር ግን ከአደጋው መጠበቅ ሌላ፣ ባለቤቱን አለመጠየቅ ሌላ ነው። በማያስተላልፍ ከረጢት ታሽጎ፣ ጓንት ባጠለቀ ሰው ተይዞ፣ ከውኃ ርቆ፣ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት የተቀበረ እግር ማንን ይጎዳል? የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕክምና ተቋማት ቆሻሻ ያወጣው መመሪያ እንኳ በአካል ክፍሎች አወጋገድ የሕዝቡ ሃይማኖትና ባህል እንዲታይ፣ በመቃብር ስፍራ መቅበርም አንዱ መንገድ እንደሆነ ያመለክታል።

ሳይጠይቁ መውሰድ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ሌላው ዓለም ቀምሶታል። በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል፣ አልደር ሄይ በተባለ የሕፃናት ሆስፒታል፣ የሞቱ ሕፃናት ልብና ሌላም አካል ወላጅ ሳያውቅ ተወስዶ ለዓመታት በብልቃጥ መከማቸቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጋለጠ። ልጃቸውን ሙሉ ሆኖ የቀበሩ የመሰላቸው ወላጆች፣ አካሉ በየጊዜው ሲመለስላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ቀብር ለማድረግ ተገደዱ። አገሪቱ በ2004 ለሰው አካል ክፍል ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። በአሜሪካ ደግሞ ሄንሪታ ላክስ ከተባለች ጥቁር እናት፣ በ1951 በካንሰር ከመሞቷ በፊት፣ ሳትጠየቅ የተወሰደ ዕጢ በላቦራቶሪ እየተራባ ዓለምን አዳረሰ። መድኃኒት ተሠራበት፣ ተነገደበት። ቤተሰቧ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አያውቅም ነበር፤ ከአንዱ ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት የጨረሱት በ2023 ነው።

እነዚህ በመጻፍና በመክሰስ የታወቁ አገሮች ናቸው። የጃናሞራ ገበሬስ? የፈቃድ ወረቀቱን በጣት አሻራ ይፈርማል፤ ወረቀቱ ላይ ስላለው ነገር የሚያነብለት አለ? «ከተቆረጠ በኋላ ምን እንድናደርገው ትፈልጋለህ?» የሚል አንድ መስመር በዚያ ወረቀት ላይ ቢጨመር ስንት ብር ያስወጣል? ምንም አያስወጣም። የሚጎድለው ገንዘብ ሳይሆን የባለቤትነት አክብሮት ነው።

ከላቦራቶሪ በፊት ቀብር የለም

እዚህ ላይ ግን ወገኖቼን አጥብቄ ልገሥጽ። ለቀብር ብላችሁ ለምርመራ የሚሄደውን አትንጠቁ! የጡት ዕጢ፣ የማሕፀን ዕጢ፣ እንቅርትም ጭምር በፓቶሎጂ ሐኪም ዓይን መታየት አለበት። ካንሰር መሆን አለመሆኑ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቀጣዩ ሕክምና ምን እንደሚሆን የሚታወቀው በዚያ ነው። ናሙናው በቤተሰብ እጅ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት ጊዜም አለ። ያን ዕቃ ተቀብሎ «ለዛሬ ደክሞናል» ብሎ አልጋ ሥር ያሳደረ፣ ወይም የላቦራቶሪውን ዋጋ ፈርቶ በጓሮ የቀበረ አስታማሚ፣ የእህቱን ሕይወት አብሮ ሊቀብር ይችላል። ፎርማሊን ውስጥ በወቅቱ ያልገባ ሥጋ ይበላሻል፤ ከተበላሸም አይነበብም።

ነፍስን ማዳን ከሸሪዓው ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው፤ የተቆረጠን አካል መቅበር ደግሞ ለሱ የሚታገሥ መልካም ሥራ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ቀብር። ላቦራቶሪው የሚያስፈልገውን ቆርጦ ካስቀረ በኋላ የተረፈውን መጠየቅ ይቻላል። በመስታወት ላይ የምትቀረዋ ስስ ቁራጭ ለበሽተኛው ጥቅም የተቀመጠች ናትና በርሷ አትጨነቁ።

«ጎዶሎ ሆኜ እነሣ ይሆን?»

ብዙ ወንድሞቻችንን የሚያስጨንቅ፣ ለማንም የማይነግሩት ፍርሃት ይህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ የዳባቷን ጭና በደረሰ ጊዜ፣ በስሜን ስንቱ ቤት ለቅሶ ገባ! በዚያ ጦርነት እጅና እግር ያጣ ወጣትም ብዙ ነው። እግሩ የት እንደወደቀ የማያውቅ ሰው «በቂያማ ቀን አካሌ ከየት ይሰበሰባል?» ቢል አይፈረድበትም።

ወንድሜ ሆይ፣ አላህ በሱረቱል ቂያማህ አጥንቶቹን የማንሰበስብ ይመስለዋልን ብሎ ጠይቆ፣ የጣት ጫፎችን እንኳ አስተካክሎ ለመመለስ ቻይ መሆኑን ነግሮናል። እግርህ ተቃጥሎ ቢሆን፣ አሞራ በልቶት ቢሆን፣ በማይታወቅ ጉድጓድ ውስጥ ቢሆን ለርሱ አንድ ነው። የምንቀብረው አላህ እንዳይጠፋበት አይደለም፤ እኛ ያከበረውን እንዳናዋርድ ነው። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሰሀቦች ወክለው በነጃሺ ፊት የተናገሩት ጃዕፈር ኢብን አቢጧሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ ሁለት እጃቸውን አጥተው ሸሂድ ሆኑ፤ አላህም በጀነት የሚበሩባቸው ክንፎች ሰጣቸው። ይህች አገር ያስጠለለቻቸው ሰው ናቸውና የስሜን አካል ጉዳተኛ ታሪካቸውን እንደ ዘመድ ታሪክ ይያዘው።

መቆረጥ ሳይመጣ

ስለተቆረጠ እግር ስንሟገት የሚድነውን እግር እንዳንረሳ። ከአህያ ወይም ከገደል ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ልጅ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ ተደርጎ ይታሠራል። እጁ ሲያብጥ ማሠሪያው አብሮ አይሰፋም፤ ደም ይታገዳል። ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲጮህ «ቻል አድርገው» ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን ጣቱ ይጠቁራል። በአገራችን ሆስፒታሎች ከሚቆረጡት የልጆች እጅና እግር ብዙው ከዚህ የመጣ ነው። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሠሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታ፤ መንገዱም ወደ ሆስፒታል ይሁን። የተቆረጠን ማክበር ከሚያስፈልገን በላይ ያልተቆረጠውን ማዳን ያስፈልገናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመፈረም በፊት ጠይቁ፦ ምን ይወጣል? ለምርመራ ይሄዳል? የተረፈው የት ይገባል? ሁለተኛ፣ ማየት የፈለገውን በሽተኛ አትከልክሉት፣ አታሳፍሩትም። ሦስተኛ፣ ትልቅ አካል ሲቆረጥ ታሽጎ እንዲሰጣችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጃናሞራ ድረስ መውሰድ ግዴታ አይደለም፤ ጎንደርም ሆነ ደባርቅ በቅርብ ባለ የሙስሊም መቃብር ይቀበር፤ መሬት ሁሉ የአላህ ነው። አራተኛ፣ እድሮቻችን ለአስከሬን እንደሚደርሱት ለዚህም ይድረሱ፤ አንድ ክንድ ጨርቅና ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ኢማሞቻችንም በኹጥባ አንድ ጊዜ ያንሡት፤ ሕዝቡ የሚያፍረው የሚነግረው በማጣቱ ነው። አምስተኛ፣ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ ልጆቻችን፣ ሐኪም ሁኑ ነርስ፣ ጽዳትም ሁኑ፣ ያችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁልን።

ለማይጠይቀውም ልንገረው። ሱረቱ ያሲን እንደሚያስታውሰን አፍ የሚታተምበት፣ እጅና እግር የሚናገሩበት ቀን አለ። ያን ቀን እግርህ ስለ አንተ ብዙ ይናገራል፤ የት እንደተራመድክበት፣ ወደ ማን እንደሮጥክበት ይመሰክራል። በዕድሜህ መጨረሻም ሆነ በመካከሉ ከአንተ ሲለይ በፌስታል እንዲጣል ትተኸው ከሆነ፣ ስለዚያስ ምን ይል ይሆን?

አላህ ያሉንን አካላት በታዛዥነት ያኑርልን፤ የተለዩንንም በክብር የምንሸኝ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።